በእጅ የተሰጠ ትንፋሽ

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ደረታቸውን ያዙ። “ጨጓራዬ ነው፤ ተልባ በጥብጪልኝ” አሏት ባለቤታቸውን የሺወርቅን። ተልባውን ይዛ ስትወጣ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል። ባጃጅ አስቁማ ደባርቅ ወዳለው ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ሐኪሙ አንዱዓለም ገና ወጣት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሲታገል ቆይቶ የሺወርቅንና የመሪጌታን ታናሽ ወንድም ቄስ አለነን ወደ ጎን ጠራቸው።

“ልባቸውን የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቷል። ልባቸው ደም መግፋት አቅቶታል፤ ሳንባቸውም ውኃ ቋጥሯል። እንዲተነፍሱ በቱቦ እየረዳናቸው ነው።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አለች የሺወርቅ።

“በውጭ አገር የልብንም የሳንባንም ሥራ የሚሠራ ማሽን አለ። ደሙን ከገላ እየሳበ፣ አየር እየሰጠ ይመልሰዋል። የደከመው ልብ እስኪያገግም ያሳርፈዋል። እኛ ጋ ግን የለም። ጎንደርም የለም።”

“ጎንደር ያለውስ ምንድነው?” አለች።

ሐኪሙ አመነታ። “የመተንፈሻ መሣሪያ አለ። የተዘጋውን ሥር የሚከፍት መድኃኒትም ይሰጣሉ። ግን መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ አምቡላንሱ ላይ የሚያስተነፍስ መሣሪያ የለም። መንገዱን የሚችሉት አይመስለኝም።”

ቄስ አለነ አቀረቀሩ። “እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው። መንገድ ላይ ከሚቀር ቤቱ እንውሰደው። ንስሐ አባቱ ይጠሩ፤ ለፍትሐቱም እንሰናዳ።”

“ላልሞተ ሰው ፍትሐት የለም” አለች።

“የሺወርቅ፣ ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም?”

“ሰማሁ እንጂ። የለም ያለውን ሰምቻለሁ፤ አለ ያለውንም ሰምቻለሁ። እኔ የምሄደው ወዳለው ነው።”

ከአልጋው ራስጌ ነርሷ ሐመልማል ቱቦው ጫፍ ላይ የተገጠመውን የላስቲክ ከረጢት እየጨመቀች ቆማለች። በጨመቀችው ቁጥር የመሪጌታ ደረት ከፍ ይላል። የሺወርቅ ጠጋ አለቻት።

“መንገድ ላይ ይህን ማን ይዞ ይሄዳል?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ። ብቻዬን ግን እስከ ጎንደር አልዘልቅም፤ የሚንጠባጠበውንም መድኃኒት መጠበቅ አለብኝ።”

“እንግዲያው አሳዪኝ።”

“ይጭመቁት፤ ከዚያ ይልቀቁት። አይቸኩሉ፤ ከበዛ ይጎዳቸዋል።”

የሺወርቅ በሰዓት መቁጠር አልለመደችም። “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” ብላ ረጋ አድርጋ ጸለየችና ጨመቀች። ደግማ ጸልያ ጨመቀች። ሐመልማል በሰዓቷ ለካችና “ልክ ነው፤ እንደሱ ይቀጥሉ” አለቻት። አንዱዓለም ይህን ሲያይ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚልካቸውን ደብዳቤ ጽፎ ወደዚያው ደወለ።

ረፋድ ላይ ተነሡ። ቄስ አለነ፣ ሬሳ ይዤ እመለሳለሁ ብለው በልባቸው፣ አብረው ተሳፈሩ። ዳባት እስኪደርሱ ሁለቱ ሴቶች እየተፈራረቁ ጨመቁ። ጣቷ ሲደነዝዝ የሺወርቅ በሁለት እጇ ትይዘዋለች።

ከዳባት አልፈው ብዙም ሳይርቁ ሐመልማል የመሪጌታን አንገት ዳሰሰችና ሾፌሩን “አቁም” አለችው። ልባቸው ቆሞ ነበር። በሁለት መዳፏ ደረታቸውን እየተጫነች ትገፋ ጀመር። ክንዷ ዛለ፤ ላቧ በመሪጌታ ሸማ ላይ ተንጠባጠበ።

“በቃ” አሉ ቄስ አለነ፤ እንባቸው መጥቷል። “ወንድሜን አታሰቃዩት። በሰላም ይሂድ።”

የሺወርቅ ከረጢቱን ሳትለቅ ቀና አለች። “አባ፣ እሷ ደክማለች። ወይ ይግፉ፣ ወይ ይውረዱ።”

እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ቄስ አለነ ጋቢያቸውን ጣሉና በሐመልማል ቦታ ተንበረከኩ። ሲገፉ ከእጃቸው ሥር አንዳች ነገር ቀጭ አለ፤ ደንግጠው ሊተዉት ሲሉ ሐመልማል “የጎድን አጥንት ነው፤ ይጠገናል። ይግፉ” አለችና መድኃኒት ወጋች። ስንት ጊዜ እንደገፉ ማንም አልቆጠረም። በመጨረሻ ሐመልማል ጣቷን አንገታቸው ላይ አሳርፋ ቆየች።

“ተመልሷል” አለች። “ሂድ፣ ንዳው።”

ጎንደር ሲደርሱ መሪጌታን ከመሣሪያው ጋር አገናኟቸው፤ ሥር የሚከፍተውንም መድኃኒት ሰጧቸው። የሺወርቅ ጣቶች ያን ዕለት እንደተቆለመሙ ዋሉ፤ ውኃ እንኳ ሰው አጠጣት። በስድስተኛው ቀን ቱቦው ወጣላቸው። የልባቸው ጉልበት በግማሽ ቀንሷል፤ ዳገት አይወጡም፣ ማሕሌት አይቆሙም። አሁን ቤታቸው ተቀምጠው ዜማ ያስተምራሉ፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ተማሪዎቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

አንዱዓለም ሊጠይቃቸው ሲመጣ የሺወርቅ እስከ በር ሸኘችው።

“ያ ማሽን አንድ ቀን እኛም ጋ ይመጣል” አላት።

“ይምጣ፤ መምጣትም አለበት። እስከዚያ ግን ባሏን ይዛ ለምትመጣ ሴት በ‘የለም’ አትጀምርባት፣ ልጄ። መጀመሪያ ያለውን ንገራት።”

መሪጌታ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ ስትመለስ “ብትተዪኝ እኮ በሰላም እሄድ ነበር” አሏት።

“እርስዎ በሰላም ይሄዱ ነበር” አለች ትራሳቸውን እያስተካከለች። “እኔ ግን ሰላም አልነበረኝም።”