ለቤተሰብ ዘጠኝ መቶ

«ለሕፃን አራት መቶ፣ ለአዋቂ አምስት መቶ፣ ለቤተሰብ ዘጠኝ መቶ» ብላ ማራኪ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበች። ባሏ ሲሳይ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ቀስ በይ፣ ሰው አለ።»

«ይስማ። ልንሰርቅ አልመጣን።»

ሰው ያለው ወንበር ላይ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ናት፤ እሷም የራሷ ጭንቀት ይበቃታል። የስምንት ዓመቷ አርሴማ በአባቷና በእናቷ መሃል ቆማ ጫማዋን ታያለች። ቃል ከአፏ ከወጣ ሦስት ወር አልፏል። ጠበል ተጠምቃለች፤ አልሆነም። ትምህርት ቤቱም በዚህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች ብሎ ደብዳቤ ልኳል። ማራኪ ከላንቴ ሙዝ እያመጣች ሲቀላ ገበያ ትሸጣለች፤ ዛሬ ግን መደቧን ዘግታ ሁለቱንም እየጎተተች ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ወደዚህ የምክር ቢሮ ወጣች።

የምክር ባለሙያው ማቴዎስ ልጅቷን ሥዕል እንድትሥል ከረዳቱ ጋር ወደ ጎን ክፍል ላካትና ወላጆቿን አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ የሕፃኑን እንከፍላለን» አለ ሲሳይ ወንበሩ ሳይሞቅ። «ያመማት እሷ ናት።»

«ዶክተር አይደለሁም። ዝም ከማለቷ በፊት ቤት ውስጥ ምን ነበር?»

ሲሳይ ወደ መስኮቱ ዞረ። የነገረችው ማራኪ ናት። ትንሹ ልጃቸው ዳግም በሁለት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። አርባው እስኪወጣ አርሴማን ዶርዜ አያቷ ጋ ላኳት፤ ስትመለስ «ወንድምሽ ከአክስትሽ ጋር አዲስ አበባ ሄደ» አሏት። ለልጅ መርዶ አይነገርም፣ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲሳይ ግን ጨመረበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲመዝን ውሎ ሲገባ ብስኩት ይዞ ይመጣና «ዳግም ላከልሽ» ይላታል። ሞኝነት ነው፤ ቢሆንም ከመውደድ የመጣ ሞኝነት ነው። በመጀመሪያ እየሮጠች ትቀበለው ነበር። ቆይታ «ስልክ ላይ ለምን አያወራኝም?» ማለት አመጣች። ከዚያ መጠየቁንም፣ መናገሩንም ተወችው።

«ትናንት አልጋዋ ሥር ስጠርግ አሥራ አራት ብስኩት አገኘሁ» አለች ማራኪ። «አንዱም አልተከፈተም።»

ሲሳይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

«እኔስ? ትሰማለች እያልክ ስሙን እንዳላነሳ ከለከልከኝ። ስምንት ወር ሙሉ እንዳልወለድኩት ሆኜ ሙዝ ሸጥኩ። በቃኝ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና አለች።

«ብቻዋን ላያት እችላለሁ» አለ ማቴዎስ። «ግን እዚህ ተናግራ ቤት ስትገባ ውሸቱ ከጠበቃት ልፋቴ ከንቱ ነው። የሚሻለው የቤተሰቡ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት ቦታ አለኝ። መሞቱን ግን ከእናንተው አፍ ትስማው፤ ሄደ፣ ተኛ ሳትሉ፣ ሞተ ብላችሁ።»

«ለወሬ ዘጠኝ መቶ?» አለ ሲሳይ። «ወንድሞቼ ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

«ያሻቸውን ይበሉ። ልጄን የማሳድጋት ለወንድሞችህ አይደለም።» ማራኪ የሙዙን ብር ከመቀነቷ ፈታች። «የቤተሰቡን ጻፍልን። አባትየውንም ጻፈው፣ ይመጣል።»

ውጭ ባጃጅ አስቁመው ሦስቱም ገቡ።

«ወደ ሲቀላ» አለ ሲሳይ፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ሐሙስ እሱ ራሱ ቢነግራትስ? የተማረ ነው፣ ይችልበታል።»

«እሱ አልወለደውም» አለች ማራኪ። ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለች። «ሲቀላ ይቅር። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አድርሰን፣ መቃብሩ ባለበት በኩል።»

«ዛሬ?» አለ ሲሳይ።

«አሁን።» ልጇን ወደ ራሷ አዙራ ሁለት እጇን ያዘች። «አርሴ፣ ዳግም አዲስ አበባ አልሄደም። ታሞ ሞተብን። የተቀበረበትን ላሳይሽ ነው።»

አርሴማ እናቷን አላየችም። ዞራ አባቷን ዓይን ዓይኑን ታየው ጀመር።

«እውነቷን ነው» አለ ሲሳይ። «የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«ንዳው» አለችው ማራኪ ሾፌሩን።