ሰባተኛው ፎቶ

"እጄ እኮ ድንጋይ ነው! እኔ የያዝኩት ካሜራና ተራራው እኩል ነው የሚቆሙት!" አለች ልጅቷ፣ በአክስቷ ፎቶ ቤት መሀል ደረቷን ነፍታ።

አክስቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። የመስኮቱ ትልቅ ፎቶ ሊቀየር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተንሰራፍቶ የኖረው የልጅቷ ታላቅ ወንድም ያነሳው ሐይቅ ነበር፤ ከሥሩ ስሙ በትልልቁ ተጽፎበታል። ልጅቷ በዚያ ባለፈች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

"አንድ ማለዳ ሰጥቼሻለሁ" አለች አክስቷ። "ጥሩ የተራራ ፎቶ ካመጣሽ ያንቺ ይሰቀላል፣ ካላመጣሽ ሐይቁ ይቆያል። ጎህ ሲቀድ ብርሃን የለም፣ ካሜራው አራት ሰከንድ ዐይኑን ገልጦ ነው የሚያነሳው። ባለሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ትራይፖዱ ላይ እሰሪው፤ ቁልፉን ተጫኚና እጅሽን ሰብስቢ። ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ያነሳል። ወንድምሽ ዕቃ ይሸከምልሻል።"

"አቶ ዐዋቂ? ኧረ ተዪኝ እትዬ!"

ማን ሰምቷት! በማግስቱ ማለዳ ከተራራው ፊት ለፊት ቆመች፤ አቶ ዐዋቂም እጁን ኪሱ ከትቶ ድንጋይ ላይ ጉብ አለ። ትንሽ ነፋስ ሽው ሲል የትራይፖዱን አንገት በሁለት እጇ ጨመደደችው።

"ልቀቂው እንጂ።"

"ነፋሱ ቢጥለውስ? አንተን ማን ጠየቀህ?"

"አይሮጥብሽም እኮ! ምን ያሳንቅሻል?"

ንዴቱ እስከ ጣቷ ጫፍ ወረደ፤ ይባስ ብላ አጥብቃ ያዘችው። ስድስት ጊዜ አነሳች። ሰባተኛውን ገና ከመጫኗ፣

"የኔ ሐይቅ ገና አሥር ዓመት ይሰቀላል" አለ።

በቃ! ትራይፖዱን ለቃ ዞረች፤ የሌንሱን ክዳን ከኪሷ መዥርጣ ግንባሩ ላይ አሳረፈችለት። ከእግር እስከ ራሱ አጥባ ሰደበችው። ከዚያ ተመልሳ የትራይፖዱን አንገት እንደገና አነቀች፤ አሥራ ሁለት ፎቶ ሞላች። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምሩ ነበር።

ፎቶ ቤት ገብተው አክስቷ ኮምፒውተሩ ላይ ስታጎላቸው ግን ጉድ ፈላ። ቋጥኙ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኗል። ተራራው ብርድ የመታው ይመስላል።

"እሱ ነው! በእግሩ ነክቶብኛል! ምቀኛ!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ የእልህ እንባ።

አክስቷ ፎቶዎቹን ማሳለፏን ቀጠለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቋጥኙ ጥርት ብሎ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"ይህን ስታነሺ ምን አደረግሽ?"

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"እኔን ፈነከተችኝ" አለ ወንድሟ፣ ያበጠ ግንባሩን እያሻሸ። "ከዚያም ቆማ ሰደበችኝ።"

አክስቷ ተነሥታ ሐይቁን ከመስኮቱ አወረደችው። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ዘለለች።

"ስሜን ጻፊልኝ እትዬ! ከሱ ስም በትልቁ!"

"የምን ስም? ይህን ያነሳው ትራይፖዱ ነው። አንቺ ስድብ ላይ ነበርሽ።"