ለእያንዳንዱ እንደ ስፌቱ

የእቴቴ ክር ሲበጠስ ባቡር በዓይኗ ጠርዝ አይታ ነበር። «ይህችን አንገትጌ ልጨርስና እነሳለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገባች፤ እግሯን ግን ከስፌት ማሽኑ ፔዳል ላይ አላነሳችም። አንገትጌው አለቀ፤ እጇ ሳያማክራት ሌላውን ሳበ። እሱም አለቀ።

ባቡር የወጣላት ስሟ ነው። በማኅበሩ ስፌት ቤት እንደ እሷ ፈጣን ሰፊ የለም፤ ማሽኗ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። መርፌ አያያዝ ያስተማሯት፣ ወደ ማኅበሩም እጇን ይዘው ያስገቧት የእናቷ ታላቅ እህት እቴቴ ናቸው። አሁን የእሳቸው ዓይን ደክሟል፤ መነጽርም አላዳናቸው። እጃቸው ዛሬም ከማሽኑ ጋር ይግባባል፣ ክር ማስገባት ግን አቅቷቸዋል። ድሮ ክር በተበጠሰ ቁጥር «ኧረ ዓይን ያላችሁ!» ብለው ይጣራሉ። ቀድማ የደረሰች ታስገባላቸዋለች፣ እግረ መንገዷንም አንድ ወሬ ታራግፋለች፣ ሳቅ ይሆናል። ድሮ ማለት እንግዲህ ካለፈው ወር በፊት ማለት ነው።

ያኔ ገቢው ለሁሉም እኩል ይከፋፈል ነበር። ባለፈው ወር ባቡር በስብሰባ ላይ ተነስታ «ከእንግዲህ ሰው በሰፋው ልክ ይከፈለው» አለች። ሹመት ባይኖረውም ንግግር ስለሚወድ «ሊቀመንበር» የሚሉት ጨርቅ ቆራጭ ከመቀመጫው ዘለለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ጉልበት ያለው ለደካማው ካልሰፋ ማኅበር ለምን አስፈለገ? ገበያ እንደሆነ አንጀት የለውም!»

«ድሩማ ይበር» አለች ባቡር። «ግን ግማሹ ድር ሻይ ቤት ተቀምጦ እየዋለ አንበሳው በማን ሊታሰር ነው? ደንበኛ ሸሚዙን እንጂ ንግግርህን አይለብስም።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እጅ ሲቆጠር የባቡር ወገን በለጠ፤ እቴቴም እጃቸውን ያወጡት ለእሷ ነበር። እውነት ለመናገር ሐሳቧ ከንቱ አልነበረም። ደንቡ ከተለወጠ ወዲህ ሻይ ቤት የሚውል የለም። ትዕዛዝ በሰዓቱ ይደርሳል፣ የሸሹ ደንበኞች ተመልሰዋል፣ ባቡርም የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳትበደር ከፍላለች። የጠፋ ነገር ቢኖር ክር ለማስገባት የሚነሳ ሰው ነው። የተነሳ ሰው ከራሱ ይጎድልበታላ! እቴቴም ይህን ስላወቁ መጣራቱን ትተዋል።

ባቡር ቀና ስትል እቴቴ ማሽናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ቆመዋል።

«እቴቴ፣ ምነው? ልመጣ ነበር እኮ! ይስጡኝ ክሩን።»

«ተይው ልጄ፣ ሥራሽን አታቋርጪ።»

«የምን ሥራ? ደቂቃ አይፈጅም!»

«ደቂቃ ካልፈጀ ታዲያ እስካሁን ምን ያዘሽ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «አልወቅስሽም። ለሰነፎቹ የወጣ ደንብ መሆኑን አውቃለሁ፣ እጄንም አውጥቻለሁ። ግን ሸሚዝ ሲቆጠር እኔና ሰነፉ አንድ ሆነን ተገኘን። እንግዲህ አልመጣም።»

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሊቀመንበር መቀሱን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«የትም አይሄዱም! ዛሬውኑ ስብሰባ እንጠራለን፤ ይህ ደንብ ይሻራል!»

«እኔን ለመጦር ነው ስብሰባው?» አሉ እቴቴ ፈገግ ብለው። «አንተ ደግሞ ስለ ደካማ ስትናገር ኖርክ እንጂ፣ ክሬን አንድ ቀን አስገብተህልኝ አታውቅም።»

ሊቀመንበር ተመልሶ የጣለውን መቀስ አነሳ።

ባቡር እስከ በሩ ተከተለቻቸው። «በሞቴ ይመለሱ! ማሽንዎን ከእኔ አጠገብ አደርገዋለሁ። ክሩን እኔው አስገባለሁ።»

«ዛሬ ታስገቢያለሽ፣ ነገም ታስገቢያለሽ። ከነገ ወዲያ ልጆችሽ ትዝ ይሉሽና አንዲት አንገትጌ ልጨርስ ትያለሽ። እኔስ ክር እንዳይበጠስብኝ ስጸልይ ልዋል?» ጉንጯን ሳሟትና ቀስ እያሉ ደረጃውን ወረዱ።

ባቡር እዚያው ቆማ አለቀሰች። ከኋላዋ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ስትል ሰማች። ደንቡ ቢሆን አትነሺ አላላትም። ያቺን አንገትጌ፣ ከዚያም ያችኛዋን ብላ ተቀምጣ የቀረችው ራሷ ናት፤ አንጀቷን ያቃጠላት ይህ ነበር። ወደ ማሽኗ ተመልሳ ከሰዓቱን ሙሉ ሰፋች። ስፌቷ ግን ደጋግሞ እየተጣመመባት ስትፈታ ዋለች።

ሥራ ሊያበቃ ሲል ሊቀመንበር እንደ ልማዱ ለነገ የሚሰፋውን የተቆረጠ ጨርቅ በጥቅል በጥቅል እያደለ መጣ። ባቡር ከሌላው ሰው እጥፍ ነው የምትወስደው፤ ስለዚህ ሳይጠይቅ ፊቷ ከመረላት።

«ይህ በዝቷል» አለችው። «እንደ ሌሎቹ አድርገው።»

ሊቀመንበር አፈጠጠባት። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ቃል ብቻ ቤቱን ሰብስቦ ንግግር ያደርግባት ነበር።

«የማንን ክር ለማስገባት ብለሽ?» አላት ቀስ ብሎ። «እሳቸው እንደሆነ ሄደዋል።»

«አውቃለሁ» አለች ባቡር፤ ግማሹንም ጥቅል አንስታ መለሰችለት።