ለ«አርባ አንደኛው» የተላኩ ሽማግሎች

ታንጉት ባየልኝ የእንቢታውን አንቀጽ በቃሏ ትወጣዋለች። «ስለላኩልን ሥራ ከልብ እናመሰግናለን። ሥራዎ ለዚህ እትም አልተመረጠም። ይህ ማለት ግን ሥራዎ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።» በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ደርሷታል፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ «ከልብ» የምትለዋ ቃል ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። መጀመሪያ ሰሞን እያለቀሰች ታነበው ነበር፤ ቀጥሎ እየሳቀች፤ አሁን አሁን የፊደል ግድፈት እየፈለገች። አንድም አላገኘችም። ሰው እንቢ መባሉ ካልቀረ፣ በተሳሳተ ፊደል እንቢ ቢባል ምን ነበረበት?

ጎንደር ላይ ሥነ ጽሑፍ ተምራ፣ ጥቁር ካባ ለብሳ ፎቶ ተነሥታ ስታበቃ፣ መተማ ዮሐንስ ተመልሳ የትራክተር መለዋወጫ ትሸጣለች። ኩሽኔታና ፊልትሮ ጠያቂ ሲጠፋ በስልኳ አስፈሪ ታሪክ ትጽፋለች።

«አንች፣ ሙቀቱ፣ ወባው፣ ኬላው እያለ መተማ ላይ ሰው ሌላ ምን ያስፈራዋል?» ትላታለች ከሱቋ በር ሻይ የምታፈላው ዘሊካ።

ታንጉት ትስቃለች። ምኞት ግን አላት። ዝና አይደለም፤ ዝና መተማ ላይ ምን ያደርጋል፣ ውኃ አያስቀዳ። የምትመኘው አንድ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው ቤት፣ በሷ ምክንያት መብራቱን ሳያጠፋ እንዲያድር ነው። አንድ ሰው ብቻ። ይኸን ስታስብ ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ ፍቅር ይዟት ነው እንዳይባል እንኳ የሚጠረጠር ወንድ የለም።

ያን ሰው ሊያመጣላት የሚችለው «ቋያ» ነበር። ጎንደር ላይ በዓመት አራት ጊዜ የሚታተም፣ የወንጀል፣ የመናፍስትና የመጪው ዘመን ታሪክ ብቻ የሚያወጣ ቀጭን መጽሔት። አሥራ ሁለተኛውን ድርሰቷን «አርባ አንደኛው» ብላ ላከችለት። ታሪኩ የሰሊጥ አጫጆች ነው። ጧት ሲሰለፉ አርባ ናቸው፤ ምሳ ሲታደል ግን አርባ አንድ እጅ ይዘረጋል። ትርፉ ሰው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ላብ በላብ ነው፣ ሁሉም ይበላል። ዓምና እዚያው እርሻ ላይ ሞቶ የተቀበረ አጫጅ ግን አለ፤ በመጨረሻ የሟቹ ወንድም በቅሎ ስቦ ከደጋ ይመጣል፤ ስሙን ይጠራዋል፤ ሟቹ አቤት ብሎ ይከተለዋል።

ሁለት ወር ጠበቀች። ግንቦት ሲያልቅ መልሱ መጣ። «ስለላኩልን ሥራ ከልብ...»

በዚያ ቀን ምሳዋን ሳትነካው ቀረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ስለሆኑ ያልተነካ ምግብ የሚደበቅበት ቦታ የለም።

«ምን ሁነሽ ነው?» አሉ አቶ ባየልኝ።

«እንቢ አሉኝ፣ አባ። ድርሰቴን።»

አቶ ባየልኝ ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድርሰት ላይ አስተያየት የላቸውም፤ እንቢታ ላይ ግን አላቸው።

«ስንት ጊዜ ጠየቅሽ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ማንን ልከሽ?»

«ማንን እልካለሁ? እኔው ነኝ፣ በስልክ።»

«በደረቁ?» እጃቸውን ከገበታው አነሡ። «አንች ልጅ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ሰው ሳይቆም፣ እንዲያው በስልክ ተጠይቆ እሽ የሚል ማነው? እናትሽን ስጠይቅ አባቷ ሁለት ጊዜ እንቢ ብለዋል። እኔ አኩርፌ ብተኛ ኖሮ አንች አሁን የት ነበርሽ? የመጀመሪያ እንቢ ወግ ነው። ሁለተኛው ክብር ነው። ሦስተኛው ላይ ነው ነገር የሚጀመር።»

ታንጉት ከት ብላ ሳቀች። አባቷ እንድትበላ ብለው የቀለዱ መሰላት፤ በላችም።

በሦስተኛው ቀን ዘሊካ ብርጭቆ እያጠበች «ያባትሽ ወዳጅ አቶ ሸጋው ወባ ይዟቸዋል እንዴ?» አለቻት።

«ምነው?»

«በዚህ ንዳድ ጋቢ ለብሰው የጎንደር ሚኒባስ ሲሳፈሩ አየኋቸው። መምሬ አዱኛም አብረው ናቸው፣ ጥላ ይዘው። እንደሱ የሚሆኑ ወይ ሲታመሙ ነው ወይ ለሽምግልና ሲሄዱ።»

ታንጉት የያዘችው ኩሽኔታ ከእጇ ወደቀ። ቤት ሮጠች፤ መጽሔቷ ከሣጥኗ ላይ የለችም፤ አድራሻው ያለ ጀርባዋ ላይ ነው። አባቷ ጋ ስትደውል «አዎ፣ ሂደዋል» አሉ፣ ሰማይ የጠራ መሆኑን እንደሚናገር ሰው። «ሁለት ብቻ መሆን አይገባም ብዬ የሚኒባሱን ሹፌር ለይኩንን ሦስተኛ አድርጌዋለሁ።»

በሐሳቧ ስትዋረድ ዋለች። የመጽሔቱ ሰዎች ሲስቁ፣ ነገሩን እየተቀባበሉ ከተማ ለከተማ ሲያዞሩት ታያት። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ግን፣ እግዜር ይይላትና፣ ተስፋ አደረገች። ቢሆንስ? መምሬ አዱኛ ከሞት አፋፍ ላይ ጠበኛ ያስታረቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀጭን መጽሔት ያቅታቸዋል?

ሽማግሎቹ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ እነታንጉት ግቢ ውስጥ ካለችው ራኩባ፣ ከሣር ዳሷ ሥር ተቀመጡ። አቶ ሸጋው ጋቢያቸውን አውልቀው ጀመሩ፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው አይጀምርም።

«ፎቅ ነው። ወጣን። አንዲት ያንች እኩያ ልጅ፣ መነጽር ያደረገች፣ የትናየት እባላለሁ፣ አዘጋጇ እኔ ነኝ አለች። የመምሬን መስቀል ስታይ ‹ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ባለፈው ሳምንት ሰጥተናል› አለችን። ኧረ አይደለም አልናት። ተቀመጡ አለች። ለመቀመጥ አልመጣንም፤ የመጣንበት ጉዳይ እሽ ሳይባል አንቀመጥም አልናት። እሷም ቆመች። ቁመን ተያየን።»

«በስመ አብ» አለች ታንጉት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና።

«መምሬ ተናገሩ። ልጃችን ጨዋ ናት፣ ዘሯ የታወቀ ነው፣ ከእናንተ ቤት መዛመድ ትሻለች፣ አሥራ ሁለት ጊዜ መመለሷ አግባብ አይደለም። አንጀት የሚበላ ንግግር ነበር። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችና ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹አንብባችሁታል?›»

ከሦስቱ ያነበበ አልነበረም።

«እኔማ» አሉ አቶ ሸጋው፣ «ሽማግሌ ቤተሰብ ያውቃል እንጂ ሙሽራ አይመረምርም አልኳት። ‹እንግዲያው ተቀመጡና አብረን እናንብበው› አለች። ተቀመጥን። ምን እናድርግ፣ እግራችን ዝሏል። እሷ ታነባለች፣ እኛ እንሰማለን። ያ ምሳ የሚታደልበት ጋ ስትደርስ መምሬ አማተቡ። ለይኩን ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም አለ።»

«አላልኩም!» አለ ለይኩን።

«እኔ አይደለሁም እንዴ የሸኘሁህ?»

ታንጉት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው። «የቱ ጋ ፈራህ? ለይኩን፣ በሞቴ፣ የቱ ጋ?»

«እጁ» አለ ለይኩን ወደ መሬት እያየ። «ሁሉም እጅ አቧራ ነው ይላል፤ የዚያ ብቻ ንጹሕ ነው ይላል።»

ታንጉት ይችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅታ ነበር። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ሲያልቅ ግን» አሉ መምሬ አዱኛ ቀስ ብለው፣ «ወንድሙ በቅሎ ስቦ ሲመጣ፣ እዚያ ላይ ቀዘቀዘብን፣ ልጄ። ልጅቷ ‹እኔም እዚህ ላይ አላመንኩትም› አለች። እውነቷን ነው አልን።»

«እሽ ልናስብል ሂደን፣ እንቢ ብለን መጣን» አሉ አቶ ሸጋው። «ለመልሱ ግን ቀን ሰጥታለች። መጨረሻውን አስተካክላ በአሥራ አምስት ቀን ብትልክልኝ ለመስከረም እትም አወጣዋለሁ ብላለች። በአፏ። ሦስታችንም ምስክር ነን።»

አወጣዋለሁ። ታንጉት ቃሉን ደጋግማ በሆዷ አለችው። ሦስት ዓመት የቋመጠችለት ቃል በአቶ ሸጋው አፍ፣ ከሣር ጥላ ሥር፣ ከላብ ሽታ ጋር መጣላት።

እስከዚህ ድረስ አቶ ባየልኝ ውኃቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ነበር። «ምንድነው እሱ ታሪክ?» አሉ አሁን። «ለኔ የነገረኝ የለም። መምሬ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

የትናየት ያተመችው ወረቀት ከመምሬ ኪስ ወጣ። አነበቡት። አርባ አንደኛው እጅ ሲዘረጋ አቶ ባየልኝ የያዙትን ውኃ መሬት አስቀመጡ። የሟቹ ወንድም ሲደርስ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሽማግሎቹ ተያዩ። ባለቤት ከተነሣ እንግዳ አይቀመጥም፤ ተሰናብተው ወጡ።

«ምንይችል ነው ስሙ» አሉ አቶ ባየልኝ፣ ግቢው ጭር ሲል። «አንች ሌላ ስም ሰጥተሽዋል።»

ታንጉት ያን ጊዜ ገባት። ኮኪት ባለው እርሻቸው ላይ፣ ከግራሩ ሥር፣ አባቷ በየዓመቱ ትራክተሩን የሚያዞሩለት የድንጋይ ቁልል አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ታየዋለች። አልጠየቀችም፤ አልነገሯትም፤ ታሪኩን ከዚያ ፈጠረችው። የፈጠረችው መስሏት ነበር።

«ከደንበጫ ነው የመጣሁ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው። ወባ በሦስት ቀን ጨረሰው። ካምፑ ውስጥ ጎጃሜው ነበር የምንለው፤ ያባቱን ስም የጠየቀ የለም። ቀበርነውና አጨዳው ቀጠለ። ሰሊጥ አይጠብቅማ፣ ከደረቀ ይረግፋል። ወንድም አልመጣም፣ ታንጉቴ። ማንም አልመጣም። ሃያ ሁለት ዓመት።»

«እርስዎስ ቤተሰቦቹን አልፈለጓቸውም?»

«በዓመቱ ሄድኩ። ለእናትሽ ጎንደር ነው ብያት። ደንበጫ ገበያ መሐል ቁሜ ‹ምንይችል የሚባል፣ ቆላ የወረደ ልጅ የጠፋበት› እያልኩ ጠየቅኩ። አራት እናቶች መጡ።»

«አራት?»

«ስሙ ብዙ ነው፤ ቆላ የሚወርደውም ብዙ። አንዷ እየሳቀች ነው የመጣች፤ የተገኘ መስሏት። ‹ምልክት አለው ወይ?› አለችኝ። አለው። የግራ ጆሮው ጫፍ የለችም፤ በልጅነቴ ውሻ ነክሶኝ ነው ብሎኛል። እኔ አፌን ሳልከፍት ሴትዮዋ እንዲህ አደረገች።» የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙ። «‹ምልክት የለውም፣ ያንች አይደለም› አልኳት። መርቃኝ ሄደች። ደስ ብሏት።»

ከኬላው በኩል የከባድ መኪና ጡሩምባ ተሰማ። አቶ ባየልኝ ጆሯቸውን ለቀቁ።

«ያ መጽሔት» አሉ አቶ ባየልኝ፣ «ደንበጫ ይደርሳል?»

«እንጃ፣ አባ።»

«ጆሮውን ጻፊው። ስሙንም። ያነበበ ሰው ይነግራታል።»

በማግስቱ ታንጉት ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ መጨረሻውን ጻፈችው። በቅሎውን አወጣችው፣ ወንድሙን አወጣችው፤ ገበያ፣ አራት ሴቶች፣ አንዲት ጆሮዋን የያዘች። ከጻፈቻቸው ሁሉ ይኸ ይበልጥ ነበር፤ አወቀችው፣ ጸጉሯ ቆመ። የትናየት አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን ስታወልቅ ሁሉ ታያት። አውራ ጣቷ «ላክ» ከሚለው ላይ ቆመ።

የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው ቤት። አሁን ቤቱ ደንበጫ ሆነባት፤ ሰውየውም አንዲት የሳቀች ሴት ሆነባት። አባቷ ደግሞ ለዚችም ሴት ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ድርሰቱን።

ስልኩን ደፋችው። ቤት ሄዳ «አባ፣ ለዚች ሴት ሌላ ሰው አይላክም» አለች። «እንሂድ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እሷ ሳትሰማ የትም አይታተምም። ሰምታ አይጻፍ ካለችም አይጻፍም።»

ይኸን ስትል ምን እንደለቀቀች ታውቃለች፤ አሥራ አምስቱ ቀን፣ መስከረም፣ ስሟ በቀለም።

«ሰሊጡስ? ሊዘራ እኮ ነው።»

አቶ ባየልኝ ሰማዩን አዩ፤ ደመና መቋጠር ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሳምንትም አይቀረው። «ሸጋው ይዝራልኝ» አሉ። ሲጠብቁት የኖሩትን ዝናብ ለሰው ሲሰጡ ልጃቸው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

ጎንደር አደሩ። የ«ቋያ» ፎቅ ባለበት መንገድ ሲያልፉ ታንጉት አንገቷን ቀና አድርጋ መስኮቶቹን ቆጠረች፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ከባሕር ዳር ወዲያ መሬቱ አረንጓዴ እየሆነ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። አቶ ባየልኝ ከአውቶቡሱ መስኮት ጋ ተጠግተው፣ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ቆዩ፤ የሚጸልዩ መስሏት ነበር።

«አንች ጸሐፊ ነሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አጠያይቀን ቤቷን ብናገኝ፣ በሯ ላይ ስቆም በምን ልጀምር?»

«እንዴት ዋሉ ይበሏት።»

«እሽ። ከዚያስ?»

ታንጉት ስልኳን አውጥታ የጻፈችውን መጨረሻ ከላይ እስከ ታች አየችው። በር ላይ ቆሞ የሚባል አንድም ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም። አባቷ ግን ፊታቸውን ወደሷ አዙረው፣ ከደንበጫ በፊት ያለችውን ፍኖተ ሰላምን እስኪያልፉ ድረስ ጠበቋት።