ለሰይፍ ያልተሠራው ደረጃ

እስከዳር «ልክ ነው» ካለች በኋላ ነበር ምን እንዳለች የገባት። ከፊቷ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ለማስተርሷ የጻፈችው ጥናት ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል፤ እሷ ደግሞ ገና ከጅምሩ በገዛ አፏ አፈረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ኖርማኖች የሚባሉ ተዋጊዎች ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ሲይዙ፣ አገሬውን ቁልቁል የሚያዩበት የድንጋይ ግንብ በየቦታው ገተሩ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ጠባብ፤ በሩ እንኳ ጠላት እንዳይደፍረው ከመሬት ከፍ ብሎ ፎቁ ላይ ነው። ውስጡ ጠመዝማዛ ደረጃ አለው። አስጎብኚ ሁሉ ታዲያ አንድ ወሬ አይጠፋውም፦ ደረጃው ሽቅብ ሲወጡ ወደ ቀኝ የሚዞረው፣ ከላይ ሆኖ የሚከላከለው ሰይፉን እንደ ልቡ እንዲሰነዝር፣ ከታች የሚመጣውን ግን የመሐሉ ዓምድ ቀኝ እጁን እንዲይዝበት ነው ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። እስከዳር ግን አንድ ሙሉ የሰመር ዕረፍት እንግሊዝ አገር አንድ ግንብ ውስጥ በሜትር ስትለካ ከርማ ወደ ግራ የሚዞርም አገኘች። ግንበኞቹ ያዞሩት ለክፍሉና ለበሩ እንደሚመች እንጂ ለሰይፍ ብለው አልነበረም። የጥናቷ ነፍስ ይኸው ነው።

ከፈታኞቹ አንዱ የሆኑት ሽበታሙ ፕሮፌሰር፣ ሆን ብለውም ይሁን ረስተው፣ ደረጃው ለሰይፍ ተብሎ እንደሚዞር መቼም ሁላችንም እናውቃለን አሏት። እሷም «ልክ ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም፤ ፊት ለፊት ተሳስተዋል አይባልም። ይህን በዱላ ሳይሆን በዓይናቸው ብቻ ያስተማሯት አባቷ አቶ ኪዳነ ወልድ፣ የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የፓርኪንግ ሥራ ዩኒፎርማቸውን በካፖርት ሸፍነው ከኋላ ተቀምጠዋል። ፈተናው ለሰው ሁሉ ክፍት ነው ብላ የጋበዘቻቸው ራሷ ናት።

ሁለተኛዋ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ታዲያ ጥናትሽ ስለ ምንድን ነው ስትል ጠየቀች። እስከዳር ሽማግሌውን ፕሮፌሰር አየች፤ ወደ ኋላ ማየት ፈራች።

«ይቅርታ፣ ቅድም የተስማማሁት ለአክብሮት ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ፕሮፌሰር፣ ተሳስተዋል።»

ወንበር ተንኳኳ። አቶ ኪዳነ ወልድ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ልጅ ናት፣ ከአፏ አምልጧት ነው፣ እርስዎ ያሉት ነው ልክ እያሉ በዚያች በፓርኪንግ እንግሊዝኛቸው ፕሮፌሰሩን ይቅርታ ይጠይቁ ጀመር። ፈታኞቹ ተያዩ። እስከዳር አባቷን ትወዳቸዋለች፤ በዚያች ደቂቃ ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«አባዬ፣ ይቀመጡ» አለች በአማርኛ። «ይኼን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ተቀመጡ። እሷም የለካችውን ንድፍ ስክሪኑ ላይ አውጥታ፣ ወደ ግራ የሚዞረውን እያሳየች ደረጃ በደረጃ አስረዳች። አለፈች። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ጨበጧት።

ወደ ሰፈራቸው ወደ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ይኼ ከፈተናው ባሰባት።

«አባዬ፣ አሳፈርኩዎት?»

«እንግዲህ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉ መስኮቱን እያዩ። «እኔ እዚያ ሥራ ቦታ ስህተቱን እያወቅኩ እሺ፣ ኦኬ ስል ነው ያረጀሁት። አንቺንም ያንኑ አስተማርኩሽ። ዛሬ ስታፈርሺው ደስ አለኝ።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንቺ አላሳፈርሽኝም፤ ያሳፈረኝ ያ ያስተማርኩሽ ነገር ነው።»