ከአለቃው የረዘመው ሐውልት

በዚች የፊጂ መንደር ከአለቃው አናት በላይ አናት ማቆም ነውር ነው። ከዋና ከተማው የተላከው የሟቹ ጠቅላይ ሚኒስትር የነሐስ ሐውልት ግን ግንድ ያህላል። ሊመርቁት የመጡት አለቃ ደግሞ አጭር ናቸው፤ ያውም ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«እግሩ ይቆረጥ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ምን አደከማችሁ? እንቅበረዋ!» አለች ቪሊማይና። ሟቹን በምርጫ ሰሞን ብቻ ብቅ ሲል ስታየው የኖረች መበለት ናት።

ሰዉ እየሳቀ ቆፈረ። ሐውልቱ እስከ አንገቱ እንደገባ ከሥሩ ውሃ ፈለቀና አገጩን ነካው።

አለቃው ደንግጠው፣ «ምን ጉድ ነው?» አሉ።

ቪሊማይና ባልዲዋን አነሳች።

«በየምርጫው ‹ውሃ አወጣላችኋለሁ› እያለ ይምልልን ነበር፣ አባቴ። ለካ እስኪቀበር መጠበቅ ነበረብን!»