ከካስኩ ሥር ያሉት አማት

ሙሽራዋ ገና ፀጉር ቤቴን ሳልከፍት ደወለችልኝ። «በእናትሽ፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ብቻ ራሴን እንዳያዩብኝ» አለችኝ። የምታወራው ስለ አማቷ ነው። ሠርጉ ነገ ነው፤ አማትየው ደግሞ ፀጉሯ ሲሰፋ ካላየሁ ብለው አብረዋት ወደኔ ሊመጡ ነው።

እኚህን ሴትዮ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። በሌሉበት «ዓቃቤ ሕጓ» ነው የምንላቸው። የትልቁን ልጃቸውን እጮኛ፣ ስትስቅ ድዷ ይታያል ብለው ከበር የመለሱ ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ ብትፈራ አልፈረድኩባትም፤ እኔም ፈርቼላታለሁ።

ረፋዱ ላይ ከች አሉ። አማትየው ከፊት፣ ሙሽራዋ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጠምጥማ ከኋላ። አማትየው ከቦርሳቸው አንድ ጥቅል ፀጉር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«እኔ ነኝ የገዛሁላት» አሉ። «እስከ ወገቧ ይደርሳል። ሂውማን ሄር፣ የእውነት የሰው ፀጉር ነው ብለውኛል፤ እስቲ አይተሽ ፍረጂኝ።»

በዚህ ነገር ላይ ማንንም አላምንም። አንዲት ዘለላ መዝዤ ክብሪት ጫርኩባት። አርቴፊሻል ቢሆን ቀልጦ ይድቦለቦል ነበር፤ እሷ ግን አመድ ሆና ጣቴ ላይ ተፈረፈረች። ጥቅሉን ከላይ ወደ ታች ስስበው ለስላሳ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ስመልሰው ያዝ ያዝ ያደርገኛል። ሥሩና ጫፉ ያልተደባለቀ ጨዋ ፀጉር ነው ማለት ነው። ክፋቱ ክብደቱ ነው። እንዲህ ያለውን የሚሸከመው ጠንካራ ፀጉር ብቻ ነው።

«እውነተኛ ነው» አልኳቸው።

ደስ ይበላቸው አይበላቸው ፊታቸው አይናገርም። ወንበር ስበው ልክ ከሙሽራዋ ኋላ ተቀመጡ። «በይ ጀምሪ፤ እያየሁሽ ነው።»

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ «እርስዎስ ነገ እንዲህ ሆነው ሊገቡ ነው እንዴ? የሙሽራው እናት እኮ ነዎት! እሷ ትደርሳለች፤ መጀመሪያ እርስዎን ልሥራዎት።»

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መስታወቱን ገልመጥ አደረጉና እሺ አሉ። አጠብኳቸው፣ ጠንካራውን ፀጉራቸውን በቢጉዲን ጠቀለልኩ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙሬ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከተትኳቸው። የኔ ካስክ አሮጌ ነው፤ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም።

አሁን የሙሽራዋን ሻሽ ፈታሁ። ቀድሞ የተሰፋው ፀጉር ራሷ ላይ ተተብትቧል። ክሩን በመቀስ ጫፍ እየፈለግሁ መበጠስ ጀመርኩ። አንዱን ረድፍ ሳነሳ የራሷም ፀጉር አብሮ መጣ። የግንባሯ ዙሪያና ከጆሮዎቿ በላይ ያለው ተመልጧል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፤ አንዱ ቦታማ ቆስሏል። ተናደድኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያላሳረፍሽው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አሳርፌው አላውቅም። ሲላላ ከላዩ አስጨምርበታለሁ። ከፊት ደግሞ በማጣበቂያ…»

«ስትታጠቢስ በደንብ ታደርቂዋለሽ?»

እርጥቡን ጠቅልላ እንደምትተኛ ሽታው ነገረኝ። የተቀጠለ ፀጉር በጊዜው ይፈታል፤ ሥር ያለው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቀባል፣ ያርፋል። ይህን ሁሉ ላወርድባት አማረኝ፤ እንባዋን ሳይ ዋጥኩት።

«ሙሽራው ያውቃል?»

«ያውቃል። ይበቅላል፣ ምን አስጨነቀሽ ነው የሚለኝ። እኔ የምፈራው እሳቸውን ነው። እባክሽ ቶሎ ስፊልኝ።»

«ይህን ብሰፋብሽ ነገ አምረሽ ትገቢያለሽ። ግን የቀረችሽንም ይዟት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ላይበቅልልሽ ይችላል።»

«ግድ የለም፣ ስፊው!»

መርፌው ላይ ክር አስገባሁ። ካልሰፋሁ ትዳሯ፣ ከሰፋሁ ፀጉሯ። ከየት እንደምጀምር ቦታ እየፈለግሁ ሳለ መብራት ጠፋ።

ካስኩ ጸጥ አለ። ከኋላችን ቆቡ ወደ ላይ ሲገፋ ሰማሁ። ፎጣ አንስቼ የልጅቷ ራስ ላይ ልጥል ስል አመለጠኝና ወለሉ ላይ ወደቀ።

አማትየው ቢጉዲናቸውን እንደደፉ ቆመዋል። በበሩ የሚገባው ብርሃን በቂ ነበር፤ ሁሉንም አዩት። ቀስ ብለው ተጠጉና ጎንበስ አሉ። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍናለች። በቃ፣ አለቀላት አልኩ።

«ያምሻል?» አሉ።

«ትንሽ።»

«ከኔ ነው የምትደብቂው?»

«አዎ» አለች ልጅቷ፣ በማይሰማ ድምፅ።

አማትየው ቀና አሉ። «እኔ እኮ ረጅም ፀጉር ትወዳለች ብዬ ነው የገዛሁት» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «ይህን ያህል ታስፈሪያለሽ የሚለኝ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ጎንበስ ብዬ ፎጣውን ከወለሉ አነሳሁ።

ጥቅሉን ከጠረጴዛው አነሱት። ይዘውት የሚሄዱ መስሏት ሙሽራዋ ክንዳቸውን ያዘች። እጇን ቀስ ብለው አስለቀቁና አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢጉዲናቸውን ራሳቸው ይፈቱ ጀመር።

«የእሷን ቁስል ቀቢላትና የቀረችውን አጭር ፀጉሯን አስተካክይላት፤ ቬሎዋ ይሸፍናታል» አሉኝ። «ይኼንን ለኔ ስፊው።»

«ለእርስዎ? እስከ ወገብዎ?»

«እስከ ወገቤ። ነገ የእሷን ራስ የሚያይ ሰው አይኖርም። ሠርገኛው ሁሉ እኔን ሲያማ ይዋል።»